ክስና ፍርድ፤ በሪያድ የኳስ ክርክር ምክንያት ስለ ወሬ ሚዛን

ሰው ተከሰሰ ማለትና ሰው ጥፋተኛ ሆነ ማለት በቃል ቢቀራረቡም በፍሬ ነገራቸው እጅግ የተራራቁ ናቸው። በመካከላቸው ጥያቄ አለ፤ ምስክር አለ፤ የተከሳሽ መልስ አለ፤ በመጨረሻም ዳኛ አለ። ይህን ርቀት በአንድ እርምጃ የሚዘል ሁሉ፣ ጋዜጠኛም ይሁን በመንገድ ዳር የሚያወራ ሰው፣ ማንም ያልሰጠውን ሥልጣን ይዞ ይፈርዳል። በዚህ ዘመን ይህ ስሕተት ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ የእግር ኳስ ወሬ ነው። ኳስ ጨዋታ ስለ ሆነ ብዙ ሰው በኳስ ነገር ቢያጋንን ወይም ቢሳሳት ማንንም የሚጎዳ አይመስለውም። ዳሩ ግን በጨዋታ የተለመደ ፍርድ ከጨዋታ ውጭም መዋሉ አይቀርም፤ ይህንንም የሪያድ ከተማ የቅርብ ዘመን ታሪክ በግልጥ ያስረዳል።

የቀድሞው ዘመን የኢትዮጵያ ልማድ ሁለት ዓይነት የጥፋት ምርመራ ያውቅ ነበር። በአንድ ወገን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ጉባኤ ነበረ፤ ጥፋት በተፈጸመበት አገር የሚኖር ሰው ሁሉ ይሰበሰብና ያየውንና የሰማውን በመሐላ እስኪናገር ድረስ ወደ ሥራው አይመለስም ነበር። በሌላው ወገን ሌባ ሻይ የሚባለው ነበረ፤ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡትና ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ሲሄድ ይከተሉታል፤ ከወደቀበት ቤት ያለውንም ሰው ሌባው ይህ ነው ብለው ይይዙታል። አፈርሳታ አዝጋሚና አድካሚ ነው፤ የብዙ ገበሬ የሥራ ቀን ያባክናል። ሌባ ሻይ ግን ፈጣን ነው፤ ተመልካቹን ያስደስታል፤ ከኋላው የሚሮጥ ሕዝብም አያጣም። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ልጁ ምንም አለማየቱ ነው። ሌባ ሻይ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ጠባዩ ግን ዛሬ በጋዜጣ ዓምድ፣ በቴሌቪዥን የክርክር ሰዓትና በእጅ ስልክ በሚተላለፍ ወሬ ውስጥ ገብቶ ይኖራል።

ሪያድ የሳዑዲ ዓረቢያ ዋና ከተማ እንደ መሆኗ መጠን የታላላቅ ክለቦች መኖሪያ ናት። አል-ሸባብ እ.ኤ.አ. በ1947፣ አል-ነስር በ1955፣ አል-ሂላል በ1957 ተመሠረቱ። የአል-ሂላልና የአል-ነስር ፉክክር በአንድ ቤት የሚኖሩትን ሰዎች እንኳ በሁለት ወገን የሚያቆም ነው። ከስፖርት ጸሐፊዎችና በቴሌቪዥን ቀርበው ከሚከራከሩት ብዙዎቹ የየትኛው ክለብ ደጋፊ እንደ ሆኑ ሕዝቡ ያውቃል፤ እነርሱም አይሸሽጉትም። ደጋፊ መሆን ነውር አይደለም፤ ደጋፊነትን ይዞ በዳኛ ወንበር መቀመጥ ግን ነውር ነው።

በጥር ወር 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022) ይህን የሚፈትን ነገር ተነሣ። የአል-ሂላል የመካከል ተጫዋች መሐመድ ካኖ ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ለሚቀጥለው ጊዜ ከአል-ነስር ጋር ተፈራረመ፤ ብዙም ሳይቈይ ከቀድሞ ክለቡ ከአል-ሂላል ጋር ውሉን አደሰ። አንድ ሰው ለአንድ ዘመን ለሁለት ጌታ ፈረመ ማለት ነው። አል-ነስርም ለሳዑዲ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን የክርክር መፍቻ ጉባኤ አቤት አለ።

ነገሩ እንደ ተሰማ ወሬው በሁለት ጎራ ተከፈለ። የአንዱ ወገን ሰዎች ክለቡን ሌባ፣ ተጫዋቹን ከሐዲ አሉ፤ የሌላው ወገን ሰዎች ደግሞ ክሱ ሁሉ የምቀኝነት ሥራ ነው፤ ተጫዋቹ ወደ ቤቱ ተመለሰ እንጂ ምን አጠፋ? አሉ። ሁለቱም ወገኖች የተናገሩት ውሉን ሳያነቡ፣ የተጫዋቹን መልስ ሳይሰሙ፣ ደንቡንም ሳይገልጡ ነበር። በእውነት ደንቡ ረቂቅ አይደለም። በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ ማለት በፊፋ የዝውውር ደንብ፣ ተጫዋች ውሉ ሊያልቅ 6 ወር ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር ለመፈራረም ነጻ ነው፤ ስለዚህ ከአል-ነስር ጋር መፈራረሙ በራሱ ጥፋት አልነበረም። ነገር ግን ያው ደንብ ተጫዋች ለአንድ ጊዜ ሁለት ውል ቢፈርም ውል እንዳፈረሰ ሰው እንዲቈጠር ያዝዛል። እንግዲህ በአንድ በኩል ክህደት የተባለው ነገር የተፈቀደ መብት ሲሆን፣ በሌላ በኩል ወደ ቤት መመለስ የተባለው ነገር ጥፋት ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ጎራዎች የጮኹበት ነገር ከደንቡ ጋር የማይገናኝ ነበር።

ጉባኤው በዚያው በ2022 እ.ኤ.አ. ፍርዱን ሰጠ። ካኖና አል-ሂላል በአንድነት ለአል-ነስር 27 ሚሊዮን ሪያል እንዲከፍሉ፣ ካኖ 4 ወር እንዳይጫወት፣ አል-ሂላልም በሁለት የዝውውር ወቅቶች አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ተወሰነ። ይህ ፍርድ በተነገረ ጊዜ አንዱ ወገን ክለቡን ለማጥፋት የተሸረበ ሤራ ነው አለ፤ ሌላው ወገን ቅጣቱ አነሰ አለ። ዳሩ ግን 4 ወር እና ሁለት ወቅት የሚለው ልክ ከዳኞቹ ቍጣ የመጣ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ይሠራበት በነበረው በፊፋ ደንብ ውስጥ ውል ለሚያፈርስ ተጫዋችና ለሚያስፈርስ ክለብ አስቀድሞ ተጽፎ የሚገኝ ልክ ነው። ጋዜጠኞች ይህን አንድ አንቀጽ በክሱ ቀን ለሕዝብ አንብበው ቢሆን ኖሮ፣ አንባቢው በፍርዱ ቀን ባልተደናገጠም ባልፈነደቀም ነበር። የጋዜጠኛ የመጀመሪያ ሥራ ሕዝቡን ማስቈጣት ወይም ማጽናናት አይደለም፤ ሊመጣ የሚችለውን ነገር እንዲያውቅ ማድረግ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገርም ያስተምራል። በኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በዓለም ዋንጫ አርጀንቲናን 2 ለ 1 ባሸነፈች ጊዜ ካኖ በሜዳው ነበረ። አል-ሂላልም በየካቲት 2015 ዓ.ም. በራባት በተደረገው የክለቦች የዓለም ዋንጫ እስከ ፍጻሜው ደርሶ በሪያል ማድሪድ 5 ለ 3 ተሸነፈ። የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ፈጽሞ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ የተቀጣ ክለብም አልፈረሰም። ሕግ ሲቀጣ መጠን አለው፤ የሚያበቃበትም ቀን አለው። የወሬ ቅጣት ግን መጠንም ማብቂያም የለውም፤ የአንድ ሰው ስም አንድ ጊዜ ከጥፋት ጋር ከተሰፋ ወዲያ ማን ይፈታዋል?

ሁለተኛው ምሳሌ የክርስቲያኖ ሮናልዶ ነገር ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023) አል-ነስር በአል-ሂላል 2 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላ፣ ይህ ሰው ከሜዳ ሲወጣ ለተመልካቾች ጸያፍ ምልክት አሳየ ተባለ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወሬው ከእግር ኳስ ደንብ አልፎ ወደ አገር ሕግ ደረሰ፤ እንደ ወንጀለኛ ይከሰስ፣ ከአገርም ይባረር የሚሉ ድምፆች ተሰሙ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ግን ፌዴሬሽኑ ያወጀው ቅጣት አልነበረም። በየካቲት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. አል-ነስር አል-ሸባብን 3 ለ 2 ባሸነፈበት ቀን የአል-ሸባብ ደጋፊዎች የሊዮኔል ሜሲን ስም እየጠሩ ሲያበሽቁት ያው ሰው እንደ ገና ጸያፍ ምልክት አሳየ ተባለ። የቴሌቪዥኑ ሥርጭት አላሳየውም፤ በተመልካች ስልክ የተቀረጸው ምስል ግን አሳየው። በዚህ ጊዜ አቤቱታ ቀረበ፤ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ተቀመጠ፤ ተከሳሹም ተጠየቀ፤ ምልክቱ በኤውሮጳ የተለመደ የኀይልና የድል ምልክት ነው ብሎ እንደ ተከራከረ ተዘገበ። ኮሚቴውም አንድ ጨዋታ እንዲታገድ፣ ለፌዴሬሽኑ 10,000 ሪያል፣ ለአል-ሸባብም ለአቤቱታው ወጪ 20,000 ሪያል እንዲከፍል ወሰነ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ ከአገር ይባረር በሚለው ጩኸትና በአንድ ጨዋታ እገዳ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደ ሆነ ማየት ነው፤ ያ ርቀት የስሜት ርቀት ነው። ሁለተኛ፣ በእጅ ስልክ የተቀረጸ ምስል መልካም ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ምስክር ግን ዳኛ አይደለም፤ ምስሉ ከምን በፊትና ከምን በኋላ እንደ ተቀረጸ የሚጠይቀው ዳኛው ነው። ሦስተኛ፣ የሰው ዝና ቅጣቱን ሊያቀልለትም ሊያከብድበትም አይገባም። ዝነኛ ስለ ሆነ ይለፍ የሚለውና ዝነኛ ስለ ሆነ ይዋረድ የሚለው ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው።

የሪያድን ሰዎች ብቻ መውቀስ ግን ፍትሕ አይሆንም። ኢትዮጵያም በ2005 ዓ.ም. በዚሁ ፈተና አልፋለች። ወደ ብራዚል ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው እየተመራች ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በአገሯ 2 ለ 1 አሸነፈች። በዚያ ጨዋታ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ ግን ቀደም ሲል በሁለት ጨዋታዎች የማስጠንቀቂያ ቢጫ ካርድ አይቶ ስለ ነበረ እንዲያርፍ ደንቡ ያዝዝ ነበር። ሰኔ 9 ቀን ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፋ ሕዝቡ በጎዳና ሲጨፍር፣ በዚያው ዕለት ፊፋ ስለ ቦትስዋናው ጨዋታ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ።

ጭፈራው ሳያባራ የወሬው ጎርፍ መጣ። ፊፋ ጠላን፤ ደቡብ አፍሪካ አሤረችብን የሚሉ ነበሩ። ተጫዋቹን የአገር ጥፋተኛ አድርገው የሚረግሙም ነበሩ። ሁለቱም አላስተዋሉም። በዚያው ጊዜ ቶጎና ኢኳቶሪያል ጊኒ በተመሳሳይ ጥፋት ተጠይቀዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ኬፕ ቬርዴ ቱኒዚያን አሸንፋ ሳለች ሊሰለፍ የማይገባውን ተጫዋች በማሰለፏ ዕድሏን አጥታለች፤ ስለዚህ ቅጣቱ ኢትዮጵያን ብቻ ያነጣጠረ አልነበረም። ተጫዋቹንም በተመለከተ፣ ካርድ የመቍጠርና የመዝገብ ሥራ በሜዳ የሚሮጥ ሰው ሥራ ሳይሆን የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። በመጨረሻ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጥፋቱን አመነ፤ ፊፋም የቦትስዋናውን ጨዋታ 3 ለ 0 ለቦትስዋና ሰጥቶ ፌዴሬሽኑን 6,000 የስዊስ ፍራንክ ቀጣ። የኢትዮጵያ ነጥብ ከ13 ወደ 10 ወረደ። ቡድኑ ግን ጳጉሜን 2 ቀን በብራዛቪል የመካከለኛው አፍሪካን ሪፑብሊክ 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን በመሪነት ፈጸመ። ጥፋትን ማመን ነጥብ አስቀነሰ፤ አገርን ግን አላዋረደም። ጥፋቱ ተክዶ ቢሆን ኖሮ ቡድኑ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ከናይጄሪያ ጋር ሲገናኝ የሚታየው በጥርጣሬ ዓይን በሆነ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ መቃወሚያ ይነሣል። ጋዜጠኛ ፍርድ እስኪሰጥ ዝም ካለ ኃያላን ጥፋታቸውን ቀብረው ይቀራሉ፤ ዳኛውም ራሱ የኃያላኑ ወዳጅ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። በሪያድ እንኳ የመንግሥቱ የመዋዕለ ንዋይ ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ከአል-ሂላልም ከአል-ነስርም 75 በመቶ ድርሻ በወሰደ ጊዜ፣ ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ባለቤት ሲኖራቸው ማን ይመረምራል የሚል ጥያቄ ተገቢ ሆኖ ነበር። መቃወሚያው እውነት አለው፤ ዝምታም ሁልጊዜ ትዕግሥት አይደለም።

ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ በአሜሪካ በቴክሳስ ይገኛል። በዳላስ ከተማ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የመሠረተችው ሳውዘርን ሜቶዲስት የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። የአሜሪካ ኮሌጆች ደንብ በዚያ ዘመን ለተማሪ ተጫዋች ደመወዝ መክፈልን ፈጽሞ ይከለክል ነበር፤ ይህ ኮሌጅ ግን በእነርሱ ዓይነት እግር ኳስ ለሚጫወቱ ተማሪዎች በስውር ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ ስለዚህም ከአንድ ጊዜ በላይ ተቀጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1986 ደብልዩ ኤፍ ኤ ኤ የተባለው የዳላስ ቴሌቪዥን አንድ የቀድሞ ተጫዋች 25,000 ዶላር ተቀብሎ እንደ ፈረመ ሲናገር አሰማ። ጋዜጠኞቹ በዚህ አላበቁም፤ የኮሌጁን ኀላፊዎች ፊት ለፊት አስቀምጠው ገንዘብ ተልኮበታል የተባለውን ፖስታ አሳዩአቸው፤ በላዩ ስላለውም የእጅ ጽሕፈት ጠየቋቸው፤ መልሳቸውንም ለሕዝብ አቀረቡ። በፌብሩዋሪ 1987 የኮሌጆች የስፖርት ማኅበር የዚያን ዓመት ጨዋታ ፈጽሞ ሰረዘበት፤ ኮሌጁም የ1988ቱን ራሱ ተወ። በማርች ወር የኮሌጁ የበላይ ቦርድ ሰብሳቢ የነበረውና በዚያን ጊዜ የቴክሳስ ገዥ የሆነው ቢል ክሌመንትስ ክፍያው እንዲቀጥል ከተስማሙት አንዱ እንደ ነበረ አመነ። በጁን ወርም የቤተ ክርስቲያኒቱ ጳጳሳት ኮሚቴ ነገሩን መርምሮ መግለጫ አወጣ።

በዚህ ታሪክ ጋዜጠኞቹ ዝም አላሉም፤ ግን አልፈረዱም። ሰነድ ፈለጉ፤ የተከሰሰውን ጠየቁ፤ መልሱን ከክሱ ጋር እኩል አሰሙ፤ ፍርዱን ግን ለፈራጆቹ ተዉ። የቤተ ክርስቲያን ስም ያለበት ቤት መሆኑም ከጥያቄ አላዳነውም፤ ሊያድነውም አይገባም ነበር። እንግዲህ ልዩነቱ በመናገርና በዝምታ መካከል ሳይሆን፣ መርምሮ በመናገርና ሳይመረምሩ በመናገር መካከል ነው። አፈርሳታም ዝምታ አልነበረም፤ እንዲያውም ሰው ሁሉ እንዲናገር ያስገድድ ነበር፤ ያየውን ብቻ።

ይህ ሁሉ ስለ ኳስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ቃል ባላስፈለገውም ነበር። ነገር ግን ያቺው ሪያድ ሌላ ነገር አሳይታለች። በ2005 ዓ.ም. ክረምት በሳዑዲ ዓረቢያ ጥቂት ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች በሕፃናት ግድያ በመከሰሳቸው ወሬው ከክሱ አልፎ የአንድ አገር ሴቶችን ሁሉ የሚያስፈራ ሥዕል አደረጋቸው፤ ኢትዮጵያውያትን መቅጠርም ለጊዜው ታገደ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸው የተሰጠው የምሕረት ቀን ባለፈ ሰሞን፣ ጥቅምት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በመንፉሃ ሰፈር ሁከት ተነሣ፤ ሰዎችም ሞቱ። መጀመሪያ የተሰማው ወሬ ኢትዮጵያውያን ሁከት አስነሡ የሚል ነበር። ቈይቶ የሰብአዊ መብት ተመልካቾች የዐይን ምስክሮችን ሲጠይቁ ግን በትርና ስለት የያዙ የሰፈሩ ሰዎች ኢትዮጵያውያንን እንደ ደበደቡ የሚናገሩ ብዙዎች ተገኙ። በዚያ ጊዜ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። የኢትዮጵያ ቡድን ከናይጄሪያ ጋር በካላባር የመጨረሻውን ጨዋታ ያደረገው ኅዳር 7 ቀን፣ ማለት ከመንፉሃ ሁከት ከ7 ቀን በኋላ ነበር። ስለ ቢጫ ካርዱ ያለ ምርመራ መፍረድ የጨዋታ ስሕተት መስሎት የነበረ ሰው፣ በዚያች ሳምንት ያለ ምርመራ የተፈረደበት ሰው ምን እንደሚሆን ሊያይ ይችል ነበር።

ስለዚህ ጋዜጣ የሚያነብ፣ ሬዲዮ የሚሰማ፣ ወይም በስልኩ ወሬ የሚደርሰው ሰው አራት ጥያቄዎችን ቢያስቀድም መልካም ነው። ከሳሹ ማን ነው? ከክሱስ ምን ይጠቀማል? ተጣሰ የተባለው ደንብ የትኛው ነው? ቃሉስ ምን ይላል? ተከሳሹ ተጠይቆ ምን መለሰ? ፍርዱ ምን ሆነ? ክሱ በታላቅ ፊደል በወጣበት ገጽስ ፍርዱ በዚያው መጠን ወጥቷልን? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የጋዜጣን ጠባይ ከሌሎቹ ይልቅ ይገልጣል፤ የክስን ቀን አክብሮ የነጻነትን ቀን የሚረሳ ጋዜጣ ወሬ ሻጭ እንጂ ዜና አቅራቢ አይደለም።

ለትምህርት ቤት ልጅ ይህ እንግዳ ሥራ አይሆንበትም። በመጻሕፍት ትርጓሜ አንድን ቃል አንድም እያለ በየመልኩ ሲያገላብጥ የዋለ ደቀ መዝሙር፣ ማታ የሰማውን ወሬ ያለ አንድም ቢቀበል ትምህርቱን በጉባኤ ቤት ትቶት ወጥቷል ማለት ነው። ተሳላሚም እንደዚሁ ነው፤ ከአገር አገር ሲጓዝ ከስንቁ ጋር ወሬ ይዞ ይሄዳል፤ ባደረበት ቤት ሁሉ ስለ ሩቅ አገር ይጠየቃል፤ ከሪያድ ስላለች እኅት፣ ከጂዳ ስለ ተመለሰ ወንድም ይወራል። ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ቢለይ በሄደበት ሁሉ ታማኝ ምስክር ይሆናል። ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት ይላል የአገር ተረት፤ መላውም ከሁሉ በፊት ይህ ነው፤ ክሱን ክስ፣ ፍርዱን ፍርድ ብሎ በየስሙ መጥራት።